አደራ ስጦታ አይደለም



በዚህ ዓምድ እንደ ልማዳችን አንድ ቃል መርጠን፣ ያ ቃል በቤትና በመሥሪያ ቤት ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንመለከታለን። የዛሬው ቃል «አደራ» የሚለው ነው። አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ ሹማምንት ይህን ቃል ሳይሰሙት የሚውሉበት ቀን ጥቂት ነው። መንገድ የሚሄድ ሰው ልጁን ለጎረቤቱ ሲተው «አደራ» ይላል፤ ደብዳቤ የሚልክም መልእክተኛውን «አደራህን» ይለዋል። በትግርኛ «ሕድሪ» የሚባለው ይኸው ነው። አደራ የሚቀበለው ሰው ባለአደራ ይባላል፤ የተቀበለውን ያጠፋ ወይም የራሱ ያደረገ እንደ ሆነ ግን አደራ በላ ተብሎ ይጠራል፤ ይህም ሰው ከሚወቀስባቸው ስሞች እጅግ ከከበዱት አንዱ ነው።

ይህ ቃል «ስጦታ» ከሚለው ቃል የሚለይበትን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስጦታ የተቀበለ ሰው የተሰጠው ነገር የራሱ ስለ ሆነ እንደ ወደደ ያደርገዋል። አደራ ከተቀበለ ሰው ግን ሦስት ነገር ይጠበቃል፤ ይኸውም አውቆ መቀበል፣ በጥንቃቄ መያዝና በጊዜው መመለስ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ውል የሚናገር ክፍል ስላለው ነገሩ ከልማድ አልፎ የሕግ ጉዳይ መሆኑን እንረዳለን።

ዛሬ ይህን ቃል የምናዛምደው ከእንስሳት መጠለያ ሥራ ጋራ ነው። የተጣሉ ውሾችና ድመቶች በሚሰበሰቡበት መጠለያ ውስጥ እጅግ ትንንሽ የሆኑ፣ የታመሙ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወይም ከፍርሃት የተነሣ ሰው የሚሸሹ ይገኛሉ። እነዚህን መጠለያው ለጊዜው ለፈቃደኛ ቤተ ሰቦች ይሰጣል፤ ሲያድጉ ወይም ሲድኑ ተቀብሎ ለዘለቄታ ባለቤት ያስረክባቸዋል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከተሞች ይህ አሠራር ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በ2020 እ. ኤ. አ. በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ ከተሞቹን በዘጋ ጊዜም ብዙ መጠለያዎች እንስሶቻቸውን በሰው ቤት ማስቀመጥ ችለዋል።

ለአገራችን ሰውም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ከብቱ የበዛበት ገበሬ ላሙን ለሌላው በርቢ ይሰጣል። በርቢ የሚሰጥ ከብት በተቀባዩ ግቢ እያደረ በተቀባዩ እጅ ይጠበቃል፤ ወተቱ የማን እንደ ሆነ፣ ጥጃው እንዴት እንደሚከፈል፣ ላሚቱ ብትሞት ምን እንደሚደረግ ግን አስቀድሞ ይነገራል። ርኅራኄ ብቻውን ከብት እንደማይጠብቅ ገበሬው ያውቃል። እኛ ግን ይህን የተማርነው በኪሳራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ መጠለያ አንዲት የስምንት ሳምንት ቡችላ ለጊዜው ልናሳድግ ተቀበልን። የመጠለያው ሠራተኛ «ግቢ አላችሁ ወይ?» ብሎ ጠየቀን፤ «አለን» አልነው። ከዚህ ሌላ ጥያቄ አልቀረበልንም። በዚያው ግቢ ከሁለት ወር በፊት የተከራያችን ውሻ ደም እያስቀመጠው ሞቶ ነበር፤ ይህን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም መናገር እንደሚገባን አላወቅንም። ቡችላዪቱ የመጀመሪያዎቹን ቀኖች እየዘለለች ሰነበተች። በስድስተኛው ቀን ምግብ አልቀምስም አለች፤ ሲመሽም አስመለሳት። ቀኑ ቅዳሜ ነበርና የመጠለያው ስልክ ቢደወል የሚያነሣው ጠፋ። ወደ የትኛው ሐኪም እንደምንወስዳት፣ ሒሳቡንም ማን እንደሚከፍል የተጻፈ ወረቀት አልነበረንም። ስንጠይቅና ስናመነታ እሑድ አለፈ፤ ሰኞ ሳይነጋ ሞተች።

ትንሿ ልጃችን «የኛ ውሻ ለምን ሞተች?» ብላ በጠየቀችን ጊዜ ሁለት ነገር ተረዳን። አንደኛው፣ ቡችላዪቱ የኛ እንዳልነበረች ለልጅቱ ማንም አልነገራትም፤ የምትመለስበትን ቀን እኛም አናውቅም ነበር። ሁለተኛው፣ ለሞት ያበቃት የደግነት ማነስ አልነበረም፤ በመጠለያው ዘንድ ደግነት ነበረ፤ በኛም ቤት ነበረ። የጐደለው ሥርዓት ነው።

የእንስሳት ሐኪም በኋላ እንዳስረዳን በሽታው ፓርቮ ይባላል። ይህን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ከታመመው ውሻ ዐይነ ምድር ጋራ ወጥቶ በአፈር ውስጥ ብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቈያል። ተራ ሳሙና አያጠፋውም፤ በውኃ የተበረዘ በረኪና የሲሚንቶ ወለልን ሊያነጻ ቢችልም፣ አፈርንና ሣርን ግን በዚህ መንገድ ማጽዳት አይቻልም። የቡችላ ክትባትም ባንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን እስከ 16 ሳምንት ዕድሜ ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ የሚደገም ነው። እንግዲህ «በዚህ ቤት ባለፈው ዓመት ውሻ ታሞ ወይም ሞቶ ያውቃልን?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ያ ቤት ለአዋቂና ለተከተበ ውሻ እንጂ ለቡችላ እንደማይሆን ይታወቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ «እንስሶቹ ከመጠለያው ባይወጡ አይሻልምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይሻልም። ብዙ እንስሳት ባንድነት በሚኖሩበት ስፍራ በሽታ ካንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ጩኸቱም ዕረፍት አይሰጥም። በ2019 እ. ኤ. አ. የታተመው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በአምስት መጠለያዎች የነበሩ 207 ውሾችን ተመልክቷል። ውሾቹ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት በሰው ቤት ባደሩ ጊዜ፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ምልክት በሽንታቸው ውስጥ ቀንሶ ተገኘ፤ ወደ መጠለያ ሲመለሱም ቀድሞ ወደ ነበረበት መጠን ተመለሰ እንጂ ከዚያ አላለፈም። ስለዚህ «ቤት አይቶ መመለስ የባሰ ያስጨንቀዋል» የሚለው ፍርሃት አልተረጋገጠም። በ2023 እ. ኤ. አ. በታተመው፣ በ51 የአሜሪካ መጠለያዎች በተደረገ ሌላ ጥናትም፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት በሰው ቤት ያደሩ ውሾች ካልወጡት ይልቅ የዘለቄታ ባለቤት የማግኘት ዕድላቸው ከ14 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም፤ በሽቦ አጥር ውስጥ የሚጮኽን ውሻ ማንም አይመርጠውም፤ በጎረቤት ሳሎን ምንጣፍ ላይ የተኛውን ግን «ይህ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

እንግዲህ ሥራው መልካም ከሆነ በሥርዓት እንዴት ይመራል? ለሹማምንት አንባቢዎቻችን ይህ የሚቀርብ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የአደራ ቤት ሥራ ከሌላው የመሥሪያ ቤት ሥራ አይለይም፤ ኀላፊ፣ መዝገብ፣ ውልና ቀን ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ሥራው አንድ ኀላፊ ይኑረው። ሁሉም የሚያዝበት ሥራ ማንም አይጠየቅበትም። ኀላፊው የትኛው እንስሳ በየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ እስከ የትኛው ቀን እንደሚቈይ በአንድ መዝገብ ይጽፋል። መዝገቡን የሚያነብ ሌላ ሰው፣ ኀላፊው ባይኖር እንኳ፣ ያለ አስረጂ ሊረዳው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ቤቶቹ ይመረጡ። ምርጫ ማለት ሀብታሙን መፈለግ ማለት አይደለም። አንድ ጠባብ ክፍል ብቻ ያላት፣ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በቤቷ የምትውል አሮጊት ጡት ላልጣሉ ድመቶች ከሰፊ ግቢ ባለቤት ልትሻል ትችላለች። የሚጠየቀው ይህ ነው፤ በቤቱ ሌላ እንስሳ አለ ወይ? ተከትቧል ወይ? አዲሱ ለብቻው የሚቀመጥበት በር ያለው ክፍል አለ ወይ? ቀን ማን ይውላል? ሌሊት ማን ይነሣል? ሕፃናት አሉ ወይ? ዘበኛውና የቤት ሠራተኛይቱስ ተስማምተዋል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አሠሪዎች ተስማምተው አደራውን ሲቀበሉ፣ ማለዳ የሚመግበውና የሚጠርገው ሌላ ሰው መሆኑን አያስቡም። ካልተጠየቀ ሰው ትጋት አይጠበቅም።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ቤት እንደ ዐቅሙ ይሰጥ። ገና የተወለዱ ግልገሎች ለጀማሪ አይሰጡም። ጀማሪ ከቀዶ ሕክምና በማገገም ላይ ያለች ጤነኛ ድመት ወይም ረጋ ያለ አዋቂ ውሻ ለአሥር ቀን ተቀብሎ ቢለማመድ ይበጃል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለምን?

አራተኛ፣ መጠለያው የሚገባውን ይክፈል። ምግቡን፣ መድኀኒቱንና የሐኪሙን ሒሳብ ባለአደራው ከኪሱ እንዲችል ማድረግ ድኻውን ቤት ከሥራው ማራቅ ነው። ከሁሉም በላይ ሌሊትና በዓል ሳይል የሚመልስ አንድ የስልክ ቁጥር ይሰጠው። በኛ ቤት ቅዳሜ ማታ የጐደለው ይህ ነበር። የስልኩን ቁጥር የያዘው ወረቀት የሚጠሩባቸውን ምልክቶችም ይዘርዝር፤ ምግብ እንቢ ማለት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ በአፍ መተንፈስ፣ ሰውነት መቀዝቀዝ። ባለአደራው እስኪወስን ድረስ አይጠብቅ፤ ይደውል። በትንሽ እንስሳ ዘንድ ግማሽ ቀን ረጅም ጊዜ ነው።

አምስተኛ፣ አዲሱ እንስሳ በቤቱ ካሉት ሁለት ሳምንት ያህል ተለይቶ ይቀመጥ። የመመገቢያው ሳሕን፣ የሚተኛበት ጨርቅና የሚጠረግበት መጥረጊያም የራሱ ይሁን። የሚመግበው ሰው አስቀድሞ የቤቱን እንስሳት መግቦ አዲሱን በመጨረሻ ያስከትል፤ ከዚያም እጁን ይታጠብ።

ጡት ስላልጣሉ የድመት ግልገሎች ጥቂት መጨመር ይገባናል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፈቅዶ የሚሳሳተው በእነዚህ ነው። ግልገል ሲወለድ ክብደቱ 100 ግራም ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በሣጥኑ አንድ ወገን ይቀመጥለታል፤ ሲሞቀው ወደ ሌላው ወገን ይሸሻል። የላም ወተት ተቅማጥ ያመጣበታልና ለግልገል ድመት የተዘጋጀ ወተት ያስፈልገዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። የቀዘቀዘ ግልገል ሳይሞቅ አይመገብም። እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኝቶ ማጥባትም ወተቱን ወደ ሳንባው ይሰድዳልና በሆዱ ተደፍቶ ይጥባ። ከጠባ በኋላ እናቱ በምላሷ እንደምታደርገው ሁሉ፣ በሞቀ ውኃ በራሰ ጥጥ ታችኛውን አካሉን ቀስ ብለው ቢያብሱት ሽንቱን ይሸናል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘናል፤ 10 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ መጨመር አለበት። ሚዛኑ ካልጨመረ ስልክ የሚደወልበት ጊዜ ደርሷል፤ ዐይን የማያየውን ሚዛን ቀድሞ ያየዋልና።

የባለአደራው ሥራ መመገብ ብቻ አይደለም። የድመት ግልገል ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት፣ ቡችላም ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ሰውን የሚለምዱበት ጊዜያቸው ነው። በዚህ ጊዜ የሰው እጅ፣ የሕፃን ሣቅ፣ የድስት ኰሽታ የለመደ እንስሳ ሲያድግ አይደነብርም። ይህን የመሰለ ትምህርት በመጠለያ ውስጥ ማስተማር አስቸጋሪ ነው፤ በማንኛውም ተራ ቤት ግን ያለ ገንዘብ ይገኛል።

ሕፃናት ባሉበት ቤት አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። የእብድ ውሻ በሽታ በአፍሪካና በእስያ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመጠለያው ውሻ የክትባት ወረቀት አብሮት ይምጣ፤ ያልተከተበ ቡችላም ከመንገድ ውሾች ጋራ አይገናኝ። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቍስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን፤ ይኸውም መመለስ ነው።

በኬንያ በጻቮ ምድር ዳፍኒ ሼልድሪክ የተባሉ ወይዘሮ እናት የሌላቸውን የዝሆን ግልገሎች ያሳድጉ ነበር። አይሻ የተባለችውን ጡት ያልጣለች ግልገል ለብቻቸው አሳደጓት፤ እርሷም ከእርሳቸው በቀር ሌላ አላውቅም አለች። ለልጃቸው ሠርግ ለአጭር ጊዜ በተለዩአት ጊዜ ግን ምግብ አልበላ ብላ ሞተች። ወይዘሮዋ ከዚህ ኀዘን ትልቅ ትምህርት አገኙ። ባለቤታቸው ዴቪድ ሼልድሪክ በ1977 እ. ኤ. አ. ካረፉ በኋላ በስማቸው በተቋቋመው ድርጅት፣ በናይሮቢ የሚያድጉት ግልገሎች በብዙ ጠባቂዎች እጅ ናቸው። ጠባቂዎቹ ሌሊት ከግልገሎቹ ጋራ ያድራሉ፤ ነገር ግን አንዱ ጠባቂ ሁልጊዜ ከአንዱ ግልገል ጋራ እንዳይሆን ይፈራረቃሉ። ግልገሎቹ ሲጠነክሩ ወደ ጻቮ ይወሰዳሉ፤ ቀስ በቀስም ከዱር ዝሆኖች ጋራ ይቀላቀላሉ። ዳፍኒ ሼልድሪክ በ2018 እ. ኤ. አ. ዐረፉ፤ በዚህ ሥርዓት ያደጉት ግን በመቶ ይቈጠራሉ።

ውሻና ድመት ዝሆን አይደሉም፤ በቤት ውስጥም ጠባቂ የሚያፈራርቅ የለም። ነገር ግን ትምህርቱ ያው ነው። መመለስ የሚዘጋጀው በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ነው። የመመለሻው ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ለሕፃናትም ይነገር። እንስሳው በቤቱ ካሉት ሰዎች ሁሉ እጅ ይብላ። «በጣም ወደድነው፤ እናስቀረው» የሚል ቤተ ሰብ ቢገኝ ይህ ኀጢአት አይደለም፤ ሆኖም እንደ ማንኛውም ጠያቂ በመጠለያው በኩል ጠይቆ፣ ተመርምሮና ፈርሞ ይውሰድ። ዝም ብሎ ያስቀረው እንደ ሆነ፣ ፍቅሩ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ስሙ ከላይ የጠቀስነው ይሆናል። ደግሞም ሁሉም ቢያስቀር ለሚቀጥለው ግልገል ባዶ ቤት አይገኝም።

ኀላፊውም በበኩሉ ባለአደራዎቹን ይጠብቅ። አንዱን ትጉህ ቤት «እናንተ ታውቁበታላችሁ» እያሉ ያለ ዕረፍት ማሸከም ያ ቤት በሩን እንዲዘጋ ማድረግ ነው። እንስሳ በእጁ የሞተበትንም ሰው ከወቀሳ አስቀድሞ ያጽናናው፤ ከዚያም ምክንያቱን አብሮት ይመርምር። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን ሲዘጋ ስንት እንደ ወጡ ብቻ አይቍጠር፤ ስንት በደኅና እንደ ተመለሱ፣ ስንት እንደ ሞቱና ለምን፣ ስንት ቤቶችም ዳግመኛ «እንቀበላለን» እንዳሉ ይቍጠር። ይህ የመጨረሻው ቍጥር ስለ ሥራው ብዙ ይናገራል።

እኛም ዳግመኛ ተቀብለናል። ከብዙ ማመንታት በኋላ ባለፈው ዓመት ከሌላ መጠለያ ሁለት የሦስት ሳምንት የድመት ግልገሎች ወሰድን። በዚህ ጊዜ የመጣችው ሠራተኛ ስለ ግቢው ብቻ አልጠየቀችንም፤ የሞተችውን ቡችላ ታሪክም እስከ መጨረሻው ሰማችና ግልገሎቹ ከቤት እንዳይወጡ አዘዘችን። ሚዛን፣ ወተት፣ የስልክ ቍጥርና የመመለሻው ቀን የተጻፈበት ካርድ ተውችልን። በአምስተኛው ቀን የአንደኛው ክብደት ሳይጨምር ቀረ። ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ደወልን፤ ስልኩም ተነሣ። በማግስቱ ሐኪም አየው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሚዛኑ ከፍ አለ።

ልጃችን በካርዱ ላይ ያሉትን ቀኖች አንድ በአንድ ትሰርዝ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሁለቱም አንድ ኪሎ ገደማ ሆነው በቅርጫት ሲወጡ አለቀሰች፤ እኛም ልቅሶዋን አልከለከልናትም። ማታ ግን ባዶውን ሣጥን ጠርጋ፣ ጨርቁን አጣጥፋ በስፍራው ካስቀመጠች በኋላ፣ «አደራችንን መለስን፤ አይደል?» አለችን። «አዎን» አልናት።

ይህን ቃል የሚማሩ አንባቢዎቻችን ትርጕሙን ከመዝገበ ቃላት ሊያገኙት ይችላሉ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለውን ተረትም ሲሰሙ፣ ጥብቅነቱ መጨበጥን ብቻ እንዳይመስላቸው እናሳስባለን፤ በቀኑ እጅን መክፈትም የዚያው የጥብቅነት ክፍል ነው።